አንድ ዝርዝር በሌላው ውስጥ የት ይገኛል? በተለመዱት መልሶች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄውም «ሁለት ዝርዝሮች ቢሰጡ አጭሩ ዝርዝር በረጅሙ ውስጥ ከየትኛው ቦታ ላይ እንደሚጀምር አሳይ» የሚል ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መልሱም ከአሥር መስመር አይበልጥም። ስለዚህ አብዛኞቻችን አንድ ጊዜ ጽፈን፣ በሁለት ምሳሌ ሞክረን፣ ትክክል መሆኑን ካየን በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት እናልፋለን። እኛም እንደዚሁ አልፈን ነበር። ይህን ሂስ እንድናቀርብ ያነሣሣን ግን ያ የታለፈ ጥያቄ በቡታጅራ ከተማ ተመልሶ ስለ ገጠመንና ስላሳፈረን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማይቱ ከሚገኙት እድሮች አንዱ የአባላቱን መዋጮ በደብተር መዝግቦ ይዞ ኖሯል። ከመካከላችን አንዱ የእድሩ ጸሐፊ ዘመድ ስለ ሆነ ደብተሩን ወደ ኮምፒዩተር እንድንገለብጥ ተጠየቅን። የእድሩ ደንብ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ከመዝገብ እንዲሰረዝ ያዛል። እኛም ለእያንዳንዱ አባል የዓመቱን አሥራ ሁለት ወራት በተርታ አስቀምጠን፣ የከፈለበትን ወር 1፣ ያልከፈለበትን ወር 0 ብለን ጻፍንና «0፣ 0፣ 0» የሚለው አጭር ዝርዝር በማን መዝገብ ውስጥ እንደሚገኝ የሚፈልግ ፕሮግራም አዘጋጀን። ፕሮግራሙ ካወጣቸው ስሞች መካከል የአንዲት አሮጊት እናት ስም ነበረበት። እኒህ እናት ያልከፈሉት በጥቅምት፣ በጥርና በሰኔ ነበር። ስማቸው ሊሰረዝ ሲል የእድሩ ዳኛ ወረቀቱን አየት አድርገው፣ «ልጆች፤ እኒህ ሴትዮ ሦስት ወር መቅረታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱ ወር መቼ ተገናኙ?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መዘርዘር አያስፈልግም። ድንኳኑና የቀብሩ ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀብረውና የሚያስተዛዝነው ጎረቤት ሁሉ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ያለ ስም ናቸው። ስለዚህ የፕሮግራማችን ስሕተት የፈተና ስሕተት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በመማሪያ ክፍልና በተማሪዎች መካከል ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን የተለመዱ መልሶች ሰብስበን አንድ በአንድ መረመርናቸው። የደረስንበት አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ አብዛኞቹ መልሶች በራሳቸው ስሕተት የለባቸውም፤ የሚሳሳቱት ላልተጠየቁት ጥያቄ መልስ በመስጠታቸው ነው።

1. ጥያቄው አንድ ነው ወይስ ሦስት?

«በውስጡ ይገኛል» የሚለው አነጋገር ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ይሸፍናል።

የመጀመሪያው፣ አጭሩ ዝርዝር በረጅሙ ውስጥ ሳይቋረጥ፣ ጎን ለጎን፣ በዚያው ተርታ መገኘቱ ነው። የእድሩ ደንብ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ሁለተኛው፣ ተርታው ተጠብቆ ነገር ግን በመካከሉ ሌላ ነገር ቢገባበት የማይከለክል ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ አውቶቡስ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ጅማ ብለን እንዘርዝር። ከሰበታ ተሳፍሮ ወልቂጤ የሚወርድ መንገደኛ «ሰበታ፣ ወልቂጤ» የሚል ዝርዝር ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ከተሞች በዝርዝሩ ውስጥ ጎን ለጎን አይደሉም፤ መንገደኛው ግን ያለ ጥርጥር መሄድ ይችላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ዓይነት ፍለጋ ብንጠቀም «እንዲህ ያለ መንገድ የለም» ብለን መንገደኛውን በከንቱ እንመልሰዋለን።

ሦስተኛው፣ ተርታውም ቢሆን የማይፈለግበት ነው። አንድ ተማሪ ሊመዘገብ ሲመጣ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና ፎቶግራፍ በፋይሉ ውስጥ መኖራቸው ይጠየቃል እንጂ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደ ተቀመጠ አይጠየቅም።

እንግዲህ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳይለዩ መልስ መጻፍ የመጀመሪያው ጥፋት ነው። እኛ በእድሩ መዝገብ ላይ የፈጸምነውም ይህንኑ ነበር። ፕሮግራማችን ሁለት ጣቶች እንዳሉት ሰው ነበር። አንዱን ጣት በረጅሙ፣ ሌላውን በአጭሩ ዝርዝር ላይ ያኖራል፤ ሁለቱ ሲስማሙ ሁለቱንም ጣቶች ወደ ፊት ያራምዳል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን የረጅሙን ጣት ብቻ ያራምድና የአጭሩን ባለበት ይተወዋል። ይህ ለወልቂጤው መንገደኛ ትክክለኛ ፕሮግራም ነው፤ ለእኒያ እናት ግን ሐሰተኛ ምስክር ሆነባቸው።

2. ስለ አራቱ የተለመዱ መልሶች

ሀ. ዝርዝሮቹን ወደ ስብስብ መለወጥ። ይህ መልስ በአጭርነቱ ብዙ ወዳጆች አሉት። በፓይተን ሁለቱን ዝርዝሮች ሴት ወደሚባለው ስብስብ ለውጦ አንዱ የሌላው ክፍል መሆኑን መጠየቅ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል። ነገር ግን ስብስብ ተርታን አይጠብቅም፤ ብዛትንም አያውቅም። ከወልቂጤ ወደ ሰበታ መመለስ የሚፈልገውን ሰው ወደ ጅማ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ያሳፍረዋል። በእድሩ መዝገብ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። «0፣ 0፣ 0» ወደ ስብስብ ሲለወጥ አንድ 0 ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ አንድ ወር እንኳ የቀረ ሰው ሁሉ ይሰረዛል። ይህን መልስ ለሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ፣ እርሱም ብዛት በማይቆጠርበት ጊዜ ብቻ እንቀበለዋለን።

ለ. ዝርዝሮቹን ወደ ጽሑፍ ለውጦ በጽሑፍ መፈለጊያ መፈለግ። የዚህ መልስ አሳሳችነት ብዙ ጊዜ ትክክል መሥራቱ ነው። መዝገቡ 1 እና 0 ብቻ እስከ ሆነ ድረስ እያንዳንዱ ወር አንድ ፊደል ስለሚሆን አንዳች ጉድለት አይታይበትም። ገንዘብ ያዡ ግን «ከፈለ» የሚለውን ምልክት ትቶ የተከፈለውን ብር መጻፍ ቢጀምርስ? መዋጮው በወር 20 ብር ነው እንበል። አንድ አባል በመስከረም ከፍሎ፣ በጥቅምትና በኅዳር ቀርቶ፣ በታኅሣሥ ቢመለስ መዝገቡ «20, 0, 0, 20» ይሆናል። ይህ ሰው የቀረው ሁለት ወር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ግን «0, 0, 0» የሚለው ሐረግ ቁልጭ ብሎ ይገኛል፤ የመጀመሪያውን 0 ያዋጣው የከፈለው 20 ብር መጨረሻ ነውና። እንግዲህ ሰውየው የተቀጣው በከፈለው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ዝርዝርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሰው የአባሎቹን ድንበር ያፈርሳል፤ ድንበሩ ከፈረሰ በኋላ የሚገኘው ነገር የቱ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሐ. ሳይስማሙ ሲቀሩ የአጭሩን ጣት ብቻ ወደ መጀመሪያው መመለስ። ይህ የእኛን ስሕተት ያረመ ተማሪ ቀጥሎ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። እድሩ ሁለት ወር ቀርተው በሦስተኛው ወር የተመለሱትን ለማመስገን ፈልጎ «0፣ 0፣ 1» የሚለውን ተርታ ፈልጉልን ብሎናል እንበል። የአንድ አባል መዝገብ «0፣ 0፣ 0፣ 1» ቢሆን ተፈላጊው ተርታ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ በግልጽ አለ። ፕሮግራሙ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዜሮዎች አስማምቶ ሦስተኛው ላይ 1 ሲጠብቅ 0 ስላገኘ የአጭሩን ጣት ወደ መነሻው ይመልሰዋል፤ የረጅሙን ግን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ወር ብቻ ስለ ሆነ «የለም» ብሎ ይዘጋል። ይህ ስሕተት የሚታየው አጭሩ ዝርዝር መጀመሪያው በራሱ ውስጥ ሲደጋገም ብቻ ስለ ሆነ በቀላል ምሳሌ አይያዝም።

መ. በየመነሻው ቆሞ ሁሉንም ማስተያየት። ከረጅሙ ዝርዝር እያንዳንዱን ቦታ መነሻ አድርጎ አጭሩን ሙሉ በሙሉ ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው። በብዙዎች ዘንድ የሰነፍ ዘዴ ተብሎ ይናቃል። እኛ ግን ክብሩ እንዲመለስለት እንጠይቃለን፤ ከአራቱ መልሶች መካከል ለመጀመሪያው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው እርሱ ብቻ ነውና። በጃቫ ቋንቋ ውስጥ «ኮሌክሽንስ» በሚባለው ክፍል ያለው «ኢንዴክስ ኦፍ ሰብ ሊስት» የተባለው ፈንክሽንም ይህንኑ ዘዴ እንደሚጠቀም በራሱ መግለጫ ላይ ሳያፍር ይናገራል።

ይሁን እንጂ ይህም ዘዴ አንድ ወጥመድ አለው። ረጅሙ ዝርዝር 12፣ አጭሩ 3 አባላት ሲኖሩት መነሻ ሊሆኑ የሚችሉት ቦታዎች 12 ሲቀነስ 3 ሲደመር 1፣ ማለትም 10 ናቸው። «ሲደመር 1» የሚለውን የረሳ ፕሮግራም ዘጠኙን ብቻ አይቶ ያቆማል። የሚቀረው መነሻ ሰኔ ነው። እንግዲህ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ያልከፈለ ሰው፣ ማለት እድሩ ዛሬ ሊጠይቀው የሚገባው ሰው፣ ሳይታይ ያልፋል። የድሮውን ጥፋት አድኖ የዛሬውን የሚተው ዳኛ ምን ይጠቅማል?

3. «የት» የሚለው መልስ እንዴት ይነገር?

ጥያቄው «አለ ወይስ የለም» ብቻ ሳይሆን «የት» የሚል ስለ ሆነ፣ ቦታውን የምንናገርበት አነጋገርም ሊመረመር ይገባል።

አንደኛ፣ በጃቫም ሆነ በፓይተን ቆጠራው የሚጀምረው ከ0 ነው። መስከረም 0፣ ነሐሴ 11 ይሆናል። ይህን የሚያውቀው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ጸሐፊ ግን 4 የሚለውን ሲያይ ታኅሣሥ ይለዋል፤ ፕሮግራሙ ያለው ግን ጥርን ነው።

ሁለተኛ፣ ያልተገኘን ነገር በቁጥር መናገር አደገኛ ነው። የጃቫው ፈንክሽንና የፓይተን የጽሑፍ መፈለጊያ «ፋይንድ» ተፈላጊው ሲታጣ −1 ይመልሳሉ። ችግሩ በፓይተን −1 ማለት የዝርዝሩ የመጨረሻ አባል ማለትም ጭምር መሆኑ ነው። ስለዚህ የተመለሰውን ቁጥር ሳይመረምር የወር ስም ለማውጣት የተጠቀመበት ሰው፣ አንድም ወር ላልቀረ አባል «መቅረት የጀመሩት በነሐሴ ነው» የሚል ወረቀት ያትማል። ፕሮግራሙም ቅር ሳይለው ይቀጥላል። በዚያው በፓይተን «ኢንዴክስ» የሚባለው ሌላው መፈለጊያ ግን ተፈላጊውን ሲያጣ ሥራውን አቁሞ ስሕተት መኖሩን ይናገራል። ጠባዩ አስቸጋሪ ቢመስልም ለመዝገብ ሥራ የሚሻለው እርሱ ነው እንላለን፤ ዝም ከሚል ጸሐፊ የሚጮህ ጸሐፊ ይሻላልና።

ሦስተኛ፣ ባዶ ዝርዝር ቢፈለግ ምን ይሆናል? በተለመደው ሥርዓት መሠረት ባዶ ዝርዝር በማንኛውም ዝርዝር ውስጥ በ0 ቦታ ላይ ተገኝቷል ይባላል። በሒሳብ ዓይን ሲታይ ይህ ትክክል ነው፤ የሚያስተያየው ነገር ከሌለ የሚያጣላው ነገርም የለም። ነገር ግን የእድሩ ደንብ ከፋይል የሚነበብ ቢሆንና ፋይሉ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ፕሮግራሙ አባላቱን በሙሉ ከመስከረም ጀምሮ ጥፋተኛ አድርጎ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ባዶው ዝርዝር ከፍለጋው በፊት በር ላይ መያዝ አለበት።

አራተኛ፣ መልሱ አንድ ነው ወይስ ብዙ? የአንድ አባል መዝገብ «1፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1» ነው እንበል። ከጥር እስከ ሚያዝያ አራት ወር በተከታታይ ቀርቷል። ሦስቱ ዜሮ ከጥር ይጀምራሉ፤ ከየካቲትም ይጀምራሉ። መደራረብን ከፈቀድን ሁለት ጊዜ ተገኙ፤ ካልፈቀድን አንድ ጊዜ። ቅጣቱ በተገኘበት ብዛት የሚታሰብ ቢሆን ይህ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሊቀጣ ነው። ይህን የሚወስነው ደንቡን ያወጡት ሽማግሌዎች እንጂ ፕሮግራም ጸሐፊው መሆን የለበትም፤ ነገር ግን ካልጠየቃቸው ሳያውቀው ወስኖባቸዋል።

4. ስለ ፍጥነት

ከክፍል ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው፣ «ዶናልድ ክኑት፣ ጄምስ ሞሪስና ቮን ፕራት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1977 ያወጡት ዘዴ እያለ ስለ አሮጌው ዘዴ ምን አስጨነቃችሁ?» ብለውናል። በዚያው ዓመት ሮበርት ቦየርና ጄ ስትሮዘር ሙር ሌላ ዘዴ አውጥተዋል፤ ሪቻርድ ካርፕና ማይክል ራቢን ደግሞ በ1987 ሦስተኛውን አቅርበዋል። እነዚህን ዘዴዎች እናደንቃለን። ነገር ግን የሚደነቁበት ምክንያት በትክክል ይታወቅ።

የክኑት፣ የሞሪስና የፕራት ዘዴ መሠረተ ሐሳብ አንዴ የታየው እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ከላይ በ«0፣ 0፣ 0፣ 1» መዝገብ ላይ የወደቀውን ፕሮግራም እናስታውስ። ሁለት ዜሮ አይቶ ሦስተኛ ዜሮ ሲመጣበት ሁሉን ረስቶ ከመነሻው ጀመረ። ይህ ዘዴ ግን «ካየኋቸው ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አሁንም ዜሮ ናቸው፤ ስለዚህ የአጭሩ ጣት ባለበት ይቆይ» ይላል። እንዲህ በማድረግ የረጅሙን ጣት አንድ ጊዜም ወደ ኋላ ሳይመልስ ትክክለኛውን ቦታ ያገኛል። ተፈላጊው «0፣ 0፣ 0» ሲሆን ደግሞ ዘዴው እጅግ ይቀልላል፤ ዜሮ ሲመጣ አንድ ጣት ማጠፍ፣ አንድ ሲመጣ ጣቶቹን ሁሉ መዘርጋት፣ ሦስት ሲታጠፍ መናገር ነው። የእድሩ ዳኛ ደብተሩን ሲያዩ ያደረጉት ይህንኑ መሆኑን በኋላ ተገነዘብን።

የቦየርና የሙር ዘዴ ደግሞ ከኋላ ይጀምራል። መጀመሪያ ሦስተኛውን ወር ያያል። ወሩ የተከፈለ ከሆነ እርሱን የሚያቅፍ የሦስት ወር መቅረት ሊኖር ስለማይችል ሦስት ወር ዘልሎ ስድስተኛውን ያያል። ዓመቱን በሙሉ የከፈለ ሰው በዚህ ዘዴ አራት ወር ብቻ ታይቶ ነጻ ይወጣል። ይህ በእውነቱ የሚያስደንቅ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን እናስላ። በአሮጌው ዘዴ ለአንድ አባል ቢበዛ 10 መነሻ በ3 ሲባዛ 30 ማስተያየት ነው። 500 አባላት ያሉት እድር ቢኖር 15,000 ይሆናል። ይህ ለዛሬ ኮምፒዩተር ከቁጥር የሚገባ ሥራ አይደለም። ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል የሚደርሰውን የሰው ልጅ የዘር ጽሑፍ ለሚመረምር ሰው ፈጣኑ ዘዴ ግዴታ ነው፤ ለእድር ደብተር ግን ጌጥ ነው። እኛ የምንነቅፈው ፈጣኑን ዘዴ ሳይሆን የጥያቄውን ትርጉም ሳይወስኑ ወደ ፍጥነት መሮጥን ነው። የተሳሳተ ስም ቶሎ መሰረዝ ትርፍ አይደለምና።

5. እኩል ማለት ምን ማለት ነው?

እስካሁን 0 እና 1ን ብቻ ስለ ተጠቀምን ሁለት አባላት እኩል መሆናቸው አላከራከረንም። የሰውና የቦታ ስም ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወልቂጤ በአንዱ ጽሑፍ «ወልቅጤ» ተብላ ትገኛለች፤ ቡታጅራም «ቡታጂራ» ትባላለች። «ኀይሉ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ናቸው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የዩኒኮድ የማስተካከያ ሥርዓትም አንድ አያደርጋቸውም። ይህም ተገቢ ነው። በግዕዝ ቋንቋ «ሰረቀ» ሌብነት፣ «ሠረቀ» ግን የፀሐይ መውጣት ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የስም መዝገብ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ መፈለግ ጠቃሚ ሲሆን ለግዕዝ ብራና ግን ጥፋት ይሆናል።

በጉራጌ ቋንቋዎች የሚጻፍ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ለእነዚህ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደሎች በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 14 ውስጥ ሲገቡ የተሰጣቸው ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቁጥሮች ውጭ ነው። በጃቫ እንዲህ ያለው አንድ ፊደል እንደ ሁለት ክፍል ይቆጠራል፤ በፓይተን ግን ከ3.3ኛው እትም ወዲህ እንደ አንድ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «የት ይገኛል» ብለን ብንጠይቅ፣ ከቃሉ በፊት እነዚህ ፊደሎች ካሉ ሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይነግሩናል። ሁለቱም በየሕጋቸው እውነት ተናግረዋል። በአንዱ የተገኘውን ቁጥር ለሌላው የሚያቀብል ሰው ግን ቃሉን ከመካከሉ ይቆርጠዋል።

አድራሻም እንደዚሁ ነው። «ደቡብ ክልል፣ ጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ» የሚለው ዝርዝር በቀድሞ መዛግብት ውስጥ በብዛት ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቷል፤ ቡታጅራም ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናት። የቀድሞው ዝርዝር በአዲሱ መዝገብ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ከተማይቱ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

6. ጎረቤትነት በዝርዝርና በዘመን

አንድ የመጨረሻ ነጥብ እናንሣ። በዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን መሆን በዘመን ጎን ለጎን መሆን ማለት አይደለም። እድሩ በአንድ ወር ሳይሰበሰብ ቢቀርና ጸሐፊው ለዚያ ወር ምንም ባይጽፍ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት ዜሮዎች በዝርዝሩ ላይ ይጠጋጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ወር ግን ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጠፋውን ወር «አልታወቀም» ብሎ በሦስተኛ ምልክት ማስቀመጥ ይገባል።

ይህ ነጥብ ለእድር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በዚያችው በቡታጅራ በ1986 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተመሠረተው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖሩትን ሰዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ለብዙ ዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል። እንዲህ ያለ መዝገብ የእያንዳንዱን ሰው ሕይወት በዝርዝር መልክ ያስቀምጣል፤ ተወለደ፣ ከአካባቢው ወጣ፣ ተመለሰ፣ ሞተ። መዝገቡን ለመመርመር ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ሊሆኑ የማይችሉ አጫጭር ተርታዎችን መፈለግ ነው። «ሞተ፣ ተመለሰ» የሚል ተርታ የተገኘበት ሰው ወይ ሞቱ በስሕተት ተጽፏል፤ ወይ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ተቀላቅለዋል። «ወጣ፣ ወጣ» የሚል ከተገኘ በመካከሉ ያልተመዘገበ መመለስ አለ። በዚህ ቦታ ፍለጋው ማንንም አይሰርዝም፤ ይልቁንም ወደ ቤቱ ተመልሶ እንዲጠይቅ መዝጋቢውን ይልከዋል። የሕፃናትና የእናቶች ሞት ስሌት ከእንዲህ ያሉ መዛግብት ስለሚወጣ አንዲት ያልተገኘች ተርታ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ድርሻ አላት።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ያቀረብነው ሂስ በቅድሚያ በራሳችን ላይ የተሰነዘረ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ አንድን ዝርዝር በሌላው ውስጥ ከመፈለጋችን በፊት የሚከተሉትን ለመጠየቅ ተስማምተናል። ተርታው ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ? በመካከል ሌላ ነገር ይግባ ወይስ አይግባ? መደራረብ ይቆጠራል? ባዶውና ያልተገኘው እንዴት ይነገራሉ? ሁለት አባላት እኩል የሚባሉት መቼ ነው? የጎደለ አባልስ በዝርዝሩ ላይ በምን ምልክት ይታያል? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው የመዝገቡ ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእርግጥም ከአሥር መስመር አይበልጥም።

ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ይህ ጥያቄ በፈተና ሲቀርብ «ፈልግ» ብቻ ከሚባል ይልቅ መዝገቡ የማን እንደ ሆነና ውጤቱ ለምን እንደሚውል ተጽፎ ቢሰጥ፣ ተማሪውም መልሱን ከመጻፉ በፊት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገልጽ ቢጠየቅ መልካም ነው። በዚህ አስተያየት የማይስማሙ፣ ወይም እኛ ያላየነውን አምስተኛ መልስ የሚያውቁ ጓደኞች በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ እንጋብዛለን።

የእኒያ እናት ስም ከመዝገቡ አልተሰረዘም። ፕሮግራሙን አርመን እንደገና ስናስኬደው ስማቸው አልወጣም፤ የሦስቱን ወር ውዝፍም እሳቸው ራሳቸው በነሐሴው ስብሰባ ከፍለው ደረሰኛቸውን ተቀብለዋል።